ስለ ያፕ ቋንቋ ድምፆች ጠይቁኝ

ያፕ በምዕራብ ማይክሮኔዢያ ያለ፣ በትልልቅ የድንጋይ ገንዘቡ የሚታወቅ ደሴት ነው። ቋንቋው የአውስትሮኔዢያ ዘር ነው፤ ተናጋሪው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ በላቲን የተጻፈውን አይታችሁ ድምፁን አትገምቱ።

ምንትዋብ፦ መምህር፣ ድምፁ ለእኛ ይከብዳል?

መልስ፦ ብዙው አይከብድም። ጠ፣ ጰ፣ ቀ አሉት፤ ፈንጂ የምንላቸው። የሚገርመው ፈንጂ ፈ መኖሩ ነው! እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና «ሳ» በሉ፣ ከዚያ «ጻ»። በ«ሳ» ትንፋሹ ከሳንባ ይፈስሳል። በ«ጻ» ግን ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ ይገፋል፣ አፍ ውስጥ የታፈነው ጥቂት አየር ብቻ ተፈትጎ ይወጣል፣ አናባቢው የሚሰማው ማንቁርቱ ሲከፈት ነው። ያፖች ይህንኑ በታች ከንፈርና በላይ ጥርስ ይሠሩታል፤ ምላስን ጥርስ መሀል አድርገውም ይደግሙታል። መ፣ ነ፣ ለ ሳይቀሩ ማንቁርት ጠበቅ ተደርጎ የሚነገሩ አቻዎች አሏቸው። ይህ በዓለም ብርቅ ነው።

ቴዲ፦ ካርታ ላይ የያፕ ስም በራሱ ቋንቋ «Waqab» ተብሎ አየሁ፤ «ዋቃብ» ብዬ አነበብኩት። ኪው (q) ፊደል ቀ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አትገምቱ ያልኩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በወጣው አጻጻፍ ኪው የማንቁርት መዘጋት ምልክት ነው፤ «ሰብአዊ» ስንል ከ«ብ» ቀጥሎ እንዳለችው ቁርጥ። ቀድሞ የራሷ ፊደል አልነበራትም። ዛሬም ሁሉም ሰው በኪው አይጽፍም።

አበበ፦ ከዘመዶቹ ፈንጂ ያለው እሱ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይ፣ ምሥራቅ ቲሞር ዋይማአ የሚባል ቋንቋ አለ።

ገበየሁ፦ መምህር፣ እኛ ጋ እኮ «ጣፈ» ነው የሚባለው፤ «ጻፈ» የመጽሐፍ ነው።

ቴዲ፦ ያ የገጠር አነጋገር ነው፣ ትክክል አይደለም።

ገበየሁ፦ የገጠር ሲሆን አማርኛነቱ ይቀራል እንዴ?

ምንትዋብ፦ እናቴም «ጠሐይ» ነው የምትለው።

መልስ፦ ቴዲ፣ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ስህተት አይባልም። ፈንጂ ሆኖ የሚፈተግ ድምፅ አስቸጋሪ ነው፤ የታፈነው አየር ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ጸ ወደ ጠ ሄደ። ያፕ ላይ ግን የሚፈተገው ፈንጂና ጠ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ እኔን የሚያስደስተኝም ይኸው ነው። በሉ ወደ ያፕ እንመለስ።

ሳባ፦ ስለ አናባቢው ይንገሩን።

መልስ፦ ስለ አናባቢው ምኑን? ረጅምና አጭር ይለያሉ፣ ልዩነቱም ትርጉም ይቀይራል። ለይታችሁ ጠይቁ እንጂ።

አበበ፦ ያፕ አጠገብ ያሉት የኡሊቲ ደሴቶች ቋንቋስ?

መልስ፦ ሌላ ቋንቋ ነው፣ የቹክ ደሴቶች ቋንቋ ዘመድ። ለብቻው እንከፍትለታለን።

ዳጊ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ኪው እንደ ቀ ነው የሚነበበው?

መልስ፦ ለቴዲ የመለስኩትን ከላይ አንብብ፣ ዳጊ።