ሳያምን ለሚያስተምር ወጣት

ልጄ ሆይ፣ የክርስትናን ማስረጃዎች መርምረህ ማመን ካቆምህ በኋላም ቤተሰብህን ላለማሳዘን ስትል ታዳጊዎችን ማስተማርህን እንደቀጠልህ ገልጸህ፣ «በደል ነውን?» ስትል ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ እኔም በዕድሜህ ሳለሁ ይህንኑ አድርጌአለሁና።

ያን ጊዜ ጀማሪ የሕንፃ መሐንዲስ ነበርሁ፤ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምር ነበር። የመካከለኛው ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኲናስ እግዚአብሔር መኖሩን ለማስረዳት ያቀረባቸውን «አምስቱን መንገዶች» ደጋግሜ መርምሬ፣ ዓለም የመጀመሪያ ምክንያት አለው ቢባል እንኳ ያ ምክንያት ጸሎት የሚሰማ አባት መሆኑ ከዚያ ብቻ እንደማይገኝ ተረድቼ ነበር። የባሰብኝ ግን የመከራ ጥያቄ ነው። አንድ እሑድ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ተነሥታ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 በፖርቱጋል ከተማ በሊዝበን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲከበር ምድር ተንቀጥቅጣ አብያተ ክርስቲያናት በምእመናን ላይ ለምን እንደ ፈረሱ ጠየቀችኝ። እኔም እግዚአብሔር ለሰው ነጻ ፈቃድ ሰጥቷልና ነው አልኋት። ነጻ ፈቃድ የነፍሰ ገዳይን ሥራ ያስረዳ ይሆናል፤ የምድር ቅርፊት እንዲንቀሳቀስ የመረጠ ሰው ግን የለም፤ ይህንንም የሕንፃን አወዳደቅ የተማርሁት እኔ ከሁሉም ይልቅ አውቀው ነበር። ልጅቱ አመነችኝ። ቃሌን በደብተሯ ጻፈች፤ ከሥሩም በማስመሪያ አሰመረችበት። «እኔም አላውቅም» ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ጽፋ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኋት እንጂ አላልሁም።

የዛሬ ወጣቶች በአምስት ደቂቃ ቪዲዮ እምነት ስትይዙና በሌላ አምስት ደቂቃ ስትጥሉ ማየት ያሳዝነኛል። እርግጥ እኔንም መጀመሪያ ያናወጠኝ የስኮትላንዳዊው ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩም አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሂዩም ስለ ተፈጥሯዊ ሃይማኖት የጻፈውን ውይይት በሕይወት ሳለ አላሳተመውም፤ የታተመው ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። ዝምታውን አልነቅፍበትም፤ ዝም ማለትና የማያምኑትን ለልጅ ማስተማር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ለቤተሰብህ እስከ ጊዜው ባትነግራቸው አልፈርድብህም። ክፍሉን ግን በሚመጣው እሑድ ለሚያምን ሰው አስረክብ፤ የማታምንበትን መልስ የሰጠኸው ልጅ ካለም ሳይርቅህ ፈልገህ እውነቱን ንገረው። እኔ ያችን ተማሪ ልፈልጋት ስነሣ፣ ቤተሰቧ ከዚያ ሰፈር ከለቀቀ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር።