ልጆቻችን በሚውሉበት ቦታ፦ ለሲስተር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ግን ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጭ ነው፤ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማቆያዎች። ከመምህራን፣ ከወላጆችና ከሞግዚቶች የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ መልሻለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ሲስተር፣ ትምህርት ቤታችን ነርስ የለውም። ልጅ ሲታመም ወላጅ ከመጥራት ሌላ ምን እናድርግ? (ርእሰ መምህር)

በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የእናንተም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በከተሞች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን አሠልጥኖ ያሰማራ ነው። ቤት ለቤት ከመሄድ በተጨማሪ ትምህርት ቤትም የሥራ ድርሻቸው ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። «ድጋፍ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። «የአንደኛ ክፍል ልጆችን ዓይን እዩልን» የሚለው ግን ቀጠሮ ይያዝለታል።

ሌላው ነርስ አያስፈልገውም። በምዝገባ ጊዜ ወላጅን ጠይቁ፦ ልጁ የሚታወቅ ሕመም አለበት? የሚወስደው መድኃኒትስ? የማይስማማው ምግብስ? መልሱ መዝገብ ቤት ተቆልፎበት እንዳይቀር፤ የክፍል ኃላፊው ይወቀው። ደጋግሜ ያየሁት ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ልጁን ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚውለው ሰው ስለ ልጁ ጤና ምንም አያውቅም።

ክፍሌ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ አለ። ባለፈው ወድቆ አረፋ ሲደፍቅ ልጆቹ ሸሹ፤ ክብሪት ጭረን አሸተትነው። ትክክል ነበር? (የ4ኛ ክፍል መምህርት)

ክብሪቱ ምንም አይጠቅመውም፤ ሊያቃጥለው ግን ይችላል። ማንኪያም ሆነ ቁልፍ አፉ ውስጥ አታስገቡ፤ ጥርስ ይሰብራል። እጅና እግሩንም ጨምድዳችሁ አትያዙ፤ ውኃም አታጠጡት።

የሚደረገው ይሄ ነው። ዴስኩንና ወንበሩን ከአጠገቡ አርቂ። ሹራብ አጣጥፈሽ ከጭንቅላቱ ሥር አድርጊ። የሸሚዙን ኮሌታ አላሊ። አረፋው ወደ ውጭ እንዲፈስ በጎኑ አስተኚው። ከዚያ ሰዓትሽን እዪ፤ በድንጋጤ አንድ ደቂቃ አሥር ይመስላልና። ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ ያልፋል። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ተጎድቶ ከሆነ ወደ 907 ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሲነቃ ግራ ይጋባል፤ ይተኛል። ተዪው ይረፍ። ሱሪው ረጥቦ ሊሆን ስለሚችል ልጆቹ ሳያዩት ነጠላ ጣል አድርጊበት።

ልጆቹ የሸሹት «አረፋው የነካው ሰው ይይዘዋል» ተብለው ስላደጉ ነው። በሽታው አይተላለፍም። በአረፋም፣ በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም። ይህን አንቺ ክፍል ውስጥ ከነገርሻቸው ያምኑሻል። ልጁ ደግሞ በማግስቱ ትምህርት ቤት የሚመጣው ጓደኞቹ አብረውት ሲቀመጡ ነው።

ከቤተሰቡም ጋር ተነጋገሪ። ጸበል ስለጀመረ መድኃኒቱን ያቋረጠ ልጅ ብዙ ይገጥመኛል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ሁለቱንም ይውሰድ።

ቆረቆር ያለበትን ልጅ እስኪድን ከትምህርት ቤት እናስቀር?

አታስቀሩት። ሕክምና ይጀምር፣ ይምጣም። ኮፍያና ማበጠሪያ አይዋዋሱ፤ የጸጉር መቁረጫ ማሽኑም በደንብ ይጽዳ። ቅባት ብቻውን አያድነውም። ፈንገሱ ጸጉሩ ሥር ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ ውስጥ በቆረቆር፣ በቅማልና በዓይን ሕመም የተባረሩ ልጆች ቤታቸው ሳይታከሙ ይቀሩ ነበር። ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ተመደበች። እዚያው እያከመች፣ ቤታቸውም እየሄደች ልጆቹን ወደ ክፍል መለሰቻቸው። የትምህርት ቤት ነርስነት በአሜሪካ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዛሬም ማባረር ይቀናናል፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

እናቶች የትኩሳት ሽሮፕ ትተውልን ይሄዳሉ። እንስጥ? (ሞግዚት)

በራሱ ጠርሙስ ከመጣና እናቲቱ መጠኑንና ሰዓቱን ጽፋ ከፈረመች፣ አዎ። በሃይላንድ ተቀንሶ የመጣ አትቀበሉ። በሻይ ማንኪያም አትለኩ፤ ማንኪያ ከማንኪያ ይለያያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል። «ጠዋት ሰጥተሽዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፓራሲታሞል ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። የሰጠችው ሞግዚት ሰዓቱን ወዲያው ትጻፍ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪ ካተኮሰ ሽሮፕ ስጡ አልልም። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ማቆያ ልከፍት ነው። የክትባት ካርድ መጠየቅ አለብኝ?

ጠይቂ፤ ፎቶ ኮፒውንም ያዢ። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱን እናቶች ብዙም አይረሱትም። የሚረሳው በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው። የመጀመሪያው በ9 ወር ነው። በዚያ መሃል እናት ሥራ ገብታለች፣ ልጁም ጤነኛ ይመስላል። አንቺ በየወሩ ካርዱን አይተሽ «ሳምንት ቀጠሮ አለው» ካልሻት ትልቅ ነገር ሠራሽ። ኩፍኝ አንድ ክፍል ውስጥ ከገባ ያልተከተበውን ሁሉ ያዳርሳል።

ልጄን ትምህርት ቤት የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሊከትቧት ነው። መካን ያደርጋል ይባላል። (አባት)

አያደርግም። ክትባቱ ካንሰሩን ከሚያመጣው ቫይረስ ይከላከላል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በኋላ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ሆነ። እንዲያውም ካንሰሩ ነው ማኅፀን እስከ ማስወጣት የሚያደርሰው። ቁርስ በልታ ትሂድ፤ ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ትቀመጥ። አንዳንዶቹ በፍርሃት ራሳቸውን ይስታሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ማቆያ ከፍቷል፤ ግን ጡቴን አልቤ ብተው ይበላሻል ብዬ ፈራሁ።

እህቴ፣ ማቆያው መብትሽ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 አዝዞት ነበር። ቅርብ ከሆንሽ ወርደሽ አጥቢው፤ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ካልተቻለ እጅሽን ታጥበሽ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ እለቢ፤ ስምና ሰዓት ጻፊበት። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት ይቆያል፤ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ። ሲሞቅ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆም ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም። ጠጥቶ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አታስቀምጡለት።