አንድ ላይብረሪ ሁለት ቦታ እንዳይቀመጥ፦ ስለ ሊኑክስ ፓኬጅ አዘገጃጀት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፓኬጅ አድርጌ የማዘጋጀው ሶፍትዌር ዜድሊብን (ዳታ የሚያምቅ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ከነሶርስ ኮዱ በውስጡ ይዞ መጥቷል። እንደዚሁ ቢልድ ባደርገው (ሶርስ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ብለውጠው) ያለ ችግር ይሠራል። ለምን አወጣዋለሁ?

መልስ፦ ጣጣው የሚመጣው ላይብረሪው ላይ የደህንነት ክፍተት የተገኘ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2022 የወጣው ዜድሊብ 1.2.12፣ ሲቪኢ-2018-25032 (ሲቪኢ የደህንነት ክፍተት መለያ ቁጥር ነው) የተባለውን ሜሞሪ የሚያበላሽ ስህተት አረመ። የሲስተሙን ዜድሊብ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች አንድ ፓኬጅ ሲታደስ አብረው ታረሙ፤ የራሳቸውን ቅጂ የያዙት ግን አንድ በአንድ ተፈልገው እንደገና ቢልድ መደረግ ነበረባቸው። ሴፕቴምበር 2023 ሊብዌብፒ በተባለው የምስል ላይብረሪ ላይ ሲቪኢ-2023-4863 ሲገኝም እንዲሁ ነበር፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስና በኤሌክትሮን የተሠሩ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እርማት አወጡ። አውጡት።

ጥያቄ፦ እሺ፣ በምን ቅደም ተከተል?

መልስ፦ መጀመሪያ የቢልድ አማራጮቹን እዩ፤ ብዙ ፕሮጀክቶች የሲስተሙን ላይብረሪ ተጠቀም የሚል አማራጭ አላቸው። የቢልድ መሣሪያው ሜሶን ከሆነ «ራፕ-ሞድ» የሚለውን «ኖፎልባክ» አድርጉት፤ የሲስተሙን ካጣ በዝምታ ወደ ውስጠኛው ቅጂ አይዞርም። ከዚያ ቢልድ ከመጀመሩ በፊት የቅጂውን ፎልደር ሰርዙት። ይህን ደረጃ አትዝለሉ። አማራጩን አብርታችሁ ፎልደሩን ከተዋችሁት፣ አንድ ሶርስ ፋይል የድሮውን ሄደር (የላይብረሪውን ፈንክሽኖች የሚያስተዋውቅ ፋይል) ከዚያ አንብቦ ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር ሊንክ ሊደረግ ይችላል። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም፤ ፕሮግራሙ ግን ሥራ ላይ እያለ ይወድቃል። ፎልደሩ ከሌለ ስህተቱ እዚያው ቢልዱ ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ መውጣቱን በምን አረጋግጣለሁ? ኤልዲዲ (ፕሮግራሙ የሚጠቀማቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ኤልዲዲ የላይብረሪዎቹን ላይብረሪ ጭምር ስለሚዘረዝር፣ ዜድሊብን በሌላ በኩል የመጣ ሆኖ ሳለ የፕሮግራማችሁ ቀጥተኛ ጥገኝነት ሊያስመስለው ይችላል። በዚያ ላይ በማታምኑት ባይነሪ (ቢልድ የተደረገ ፋይል) ላይ አታስኪዱት፤ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። «ሪድኤልፍ»ን በ«ዲ» አማራጭ አስኪዱና «ኒድድ» የሚሉትን መስመሮች አንብቡ፤ ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ባይነሪው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ የሚያወጣውን «ስትሪንግስ»ን አስኪዱ፦ ዜድሊብ የቨርዥን ቁጥሩን የያዘ የኮፒራይት ጽሑፍ በውስጡ ስላለ፣ ያ ጽሑፍ ባይነሪያችሁ ውስጥ ከተገኘ ቅጂው አሁንም ውስጥ አለ ማለት ነው። በ«ሪድኤልፍ» ውጤት ላይ «አርፓዝ» ወይም «ራንፓዝ» (ላይብረሪ የሚፈለግበት ፎልደር) ወደ ፕሮግራሙ የግል ፎልደር የሚያመለክት ከሆነ በ«ፓችኤልፍ» አጥፉት።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ አንድ ፕለጊን ሲጭን ብቻ ይወድቃል። ሁለቱም የአንድ ላይብረሪ የተለያየ ቨርዥን ይጠቀማሉ።

መልስ፦ ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ ሁለቱንም ቨርዥን ከጫነና የፈንክሽኖቹ ስም አንድ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተጫነው ያሸንፋል። ፕለጊኑ አዲሱን የጠራ መስሎት አሮጌውን ይጠራል፤ የስትራክቱ (የዳታ ጥቅሉ) አቀማመጥ ከተለያየ ሜሞሪ ይበላሻል። ሲምቦል ቨርዥኒንግ (በፈንክሽን ስም ላይ የቨርዥን ምልክት ማድረግ) የስሙን ግጭት ይፈታል። ይሁንና በአንዱ ቨርዥን የተፈጠረ ነገር ለሌላው ሲተላለፍ ከመውደቅ አያድንም፤ የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1 እና 3 በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሲገናኙ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ለማረጋገጥ «ፕሮክ» ሥር ባለው የፕሮሰሱ ቁጥር ውስጥ «ማፕስ» የሚለውን ፋይል ክፈቱ፤ የተጫኑት ሁሉ እዚያ አሉ። መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ቨርዥን ጋር እንደገና ቢልድ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ውስጥ ያለው ቅጂ በፕሮጀክቱ ባለቤቶች ተሻሽሎ ከሆነስ?

መልስ፦ ከዋናው ላይብረሪ ተመሳሳይ ቨርዥን አውርዳችሁ በ«ዲፍ» አወዳድሩ። ለውጡ የቢልድ ፋይል ብቻ ከሆነ ቅጂውን ጣሉት። እርማት ከሆነ ለዋናው ፕሮጀክት ላኩት። በእርግጥ የተለያዩ ከሆኑ ቅጂው ይቆይ፣ ግን ይመዝገብ፦ ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ «ፕሮቫይድስ» በሚለው መስመር «በንድልድ» ብላችሁ የላይብረሪውን ስምና ቨርዥን ጻፉ። ክፍተት የተገኘ ቀን ፈላጊው የሚያገኘው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ዝርዝሩን በእጄ ልጻፍ?

መልስ፦ የሼርድ ላይብረሪዎቹን አትጻፉ። ዴቢያን ላይ «ዲፒኬጂ-ሽሊብዴፕስ»፣ አርፒኤም (የፌዶራ ፓኬጅ ሲስተም) ላይም የራሱ መሣሪያ ከ«ኒድድ» መስመሮች ያወጣዋል። በእጅ የሚጻፈው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ በ«ዲኤልኦፕን» ፈንክሽን የሚከፍተው ላይብረሪ ነው፤ እሱ «ኒድድ» ውስጥ አይታይም።