«ስሟን ጠርቼ የለጠፍኩባት ኃላፊ ያለችበት ድርጅት መልሶ ጠራኝ»

ጠያቂያችን ዘንድሮ በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ ናት። ለቃለ መጠይቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጠርታ እስከ 6 ሰዓት ኮሪደር ላይ ተገትራ ዋለች። ማታ ሥራ ፈላጊዎች የሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የቅጥር ኃላፊዋን ስም ከነድርጅቱ ጠርታ «ጉቦ ካላጎረሳችኋት አታልፉም» ብላ ለጠፈች። አሁን ያው ድርጅት ለሁለተኛ ዙር ጠርቷታል። «ላጥፋው? ከጠየቁኝስ እኔ አይደለሁም ልበል?» ትላለች።

እህቴ፣ መናደድሽ አይፈረድብሽም። ሰውን ያለ አንዳች ይቅርታ ግማሽ ቀን ማስጠበቅ ንቀት ነው፤ ይህን የሚያነቡ ቀጣሪዎችም ካሉ ልብ ይበሉ።

ከለጠፍሽው ውስጥ የከፋው ግን «ጉቦ» ያልሽው ነው። ጠይቃሻለች? ስትቀበልስ አይተሻል? በደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ የሚል አላገኘሁም። የሂሳብ ሰው ደግሞ ያለ ደረሰኝ ወጪ አይመዘግብም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 ሰውን በቃልም ሆነ በጽሑፍ የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ነገር ማውራትን ስም ማጥፋት ይለዋል። «ልጎዳት ብዬ አይደለም» ማለትም ከኃላፊነት አያድንም። ብስጭትሽን እንዲህ ብትጽፊው ኖሮ ግን ማን ምን ይልሽ ነበር?

«ለ3 ሰዓት የተጠራን ሰዎች እስከ 6 ሰዓት ጠበቅን። ለምን እንደዘገየ የነገረን የለም።»

እንዲያውም ይኸኛው ነው ድርጅቱን የሚያሳፍረው።

ስለዚህ ዛሬውኑ አጥፊው፤ ቴሌግራም የራስሽን መልእክት ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ እንድታጠፊ ይፈቅድልሻል። ፎርዋርድ የተደረገውና ስክሪን ሾት የተነሳው ግን ከእጅሽ ወጥቷል። በመሆኑም እዚያው ግሩፕ ላይ፣ ስሟን ሳትደግሚ፣ «ስለ ቅጥር ኃላፊዋ የጻፍኩት ማስረጃ የሌለው ስለሆነ አንስቼዋለሁ» ብለሽ ጻፊ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ካላነሱት አንቺም አታንሺው። ቀድሞ መናዘዝ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ስለ ሥራው የምትጠየቂበትን ጊዜ ይበላብሻል። ካነሱት ግን አትካጂ። «አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጠበቁ አናዶኝ ነበር፤ ስለ እሳቸው ያልኩት ግን ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብለሽ ዝም በይ። ሰበብ አትደርድሪ።

ከተቀጠርሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለችም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ስለዚህ ያን ጊዜም የምትለጥፊውን ተጠንቀቂ። ብዙ አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ሆኖ «ሥራ ጀመርኩ» የሚል ፎቶ ይለጥፋል። ፎቶው ሰፋ ተደርጎ ሲታይ ከኋላ የተከፈተው ኮምፒውተር ላይ የደንበኞች ስምና ቀሪ ሂሳብ ይነበባል። ፎቶውን መነሳቱ ካላስቻለሽ በር ላይ ወጥተሽ ተነሺ።