ጎብኚ ሲጠፋ፦ ለወጣት አስጎብኚዎች

ቱሪዝም ተምራችሁ የተመረቃችሁ ልጆች ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝ «ይህ ሥራ ያዋጣል ወይ?» ብላችሁ ነው። እኔም የምመልስላችሁ «በየትኛው ዓመት?» ብዬ ነው። ላላግጥባችሁ አይደለም። በዚህ ሙያ ፀጉሬ እስኪሸብት ስኖር፣ ለጥምቀት የጎንደር ሆቴሎች ሞልተው እንግዶች መኪና ውስጥ አስቀምጬ አዘዞ ድረስ አልጋ ስለምን አምሽቻለሁ። በዚያው ከተማ፣ በሌላ ዓመት የጥምቀት ዋዜማ፣ አስተናጋጆች እጃቸውን አጣጥፈው በረንዳ ላይ ቆመው ባዶ መንገድ ሲመለከቱም አይቻለሁ። በሁለቱ ዓመታት የፋሲል ግንብ ያው የፋሲል ግንብ ነው፤ አስጎብኚውም የሚናገረውን አልረሳም። የተለወጠው ከጎንደር ብዙ ርቆ የተደረገ ነገር ነው። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚወድቅ ክፍል ውስጥ ብዙም ስለማይነገራችሁ እኔ ልንገራችሁ።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ለእኛ እንቁጣጣሽ ነበር። ለቀሪው ዓለም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን የኒው ዮርኩን ሕንፃ ሲመታ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይል ነበር፤ በየቤቱ ዶሮው ተበልቶ ቡናው እየተፈላ ማለት ነው። ክረምቱ አልፎ፣ የመስቀል ቡድኖች ሊገቡ ቀናት ቀርተውን፣ የዓመቱ እንጀራችን ሊጀመር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የቢሮው ፋክስ ወረቀት ሲተፋ ዋለ፤ ሁሉም የስረዛ ደብዳቤ ነበር። ሰዎቹ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ክፉ ቃል አልጻፉም። እንዲያውም አንዳንዶቹ «አገራችሁን በጣም እንወዳለን» ብለው ነው የሰረዙት። አሜሪካውያኑ መቅረታቸው ይገባኛል፤ ግን ጣሊያኑም ጀርመኑም ቀረ። ሰው አውሮፕላን መሳፈር ፈራ፣ በቃ።

ከዚያ የባሰ የሚያስቀው ኢቦላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሽታው ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲያምስ በእኛ አገር አንድም ታማሚ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ እስከ ሞንሮቪያ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሮም እንኳን ከዚያ ትቀርበናለች። ሆኖም ከሚላን የሚጽፍልን ሰው ሮም መሄድ ሳይፈራ አዲስ አበባን ፈራ። ለሩቅ ሰው አፍሪካ አንድ ቀበሌ ናት።

«ፈረንጅ ፈሪ ነው» ብላችሁ ግን እንዳታልፉት። ከፍርሃቱ ጀርባ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱን ያላወቀ ሰው በዚህ ሙያ ሁልጊዜ ሳያስበው ይመታል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አገሮችን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ያስቀምጣል፤ 4 ማለት «አትጓዙ» ነው። እንግሊዞች ደግሞ ካርታ ይቀባሉ፤ ቀይ የተቀባው ቦታ ጨርሶ አይኬድበትም ይላሉ። ይህ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ችላ ብሎ የመጣውን ማንም አይቀጣውም። ነገር ግን አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ መንግሥት «አትሂዱ» ያለበትን ቦታ አይሸፍንም። ኢንሹራንስ የሌለው እንግዳ እግሩ ቢሰበር፣ ከዚያም የከፋ ነገር ቢደርስበት፣ ፍርድ ቤት የሚቆመው እዚያ ማዶ ጉዞውን የሸጠለት ድርጅት ነው። ስለዚህ ድርጅቱ እኛን ከዝርዝሩ ያወጣናል። ጥላቻ የለበትም፤ የጠበቃ ምክር ነው።

ወጣቶች የሚያማርሩት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ማስጠንቀቂያው ይነሣና «አሁን ሰላም ሆኗል፣ ለምን አይመጡም?» ትላላችሁ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ግን የሚቀጥለውን ዓመት ጉዞ የሚያዘጋጁትና የሚሸጡት ከብዙ ወራት በፊት ነው። የዘንድሮን ጥቅምት አምና ሸጠው ጨርሰዋል፤ ለሌላ አገር። መውደቁ የአንድ ሌሊት ሥራ ሲሆን መነሣቱ ዓመትና ሁለት ዓመት የሚፈጀው ለዚህ ነው። እኔ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ገበሬ ሰማይን እንደሚያይ እነዚያን ማስጠንቀቂያዎች አያለሁ። የትኛው ዞን ቀለሙ ተለወጠ፣ የትኛው መንገድ በስሙ ተጠራ፣ አየር ማረፊያው ተነካ አልተነካ። እናንተም ልመዱት። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነዛውንማ «ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት» ነው።

«ቅርስ ካለን ጎብኚ የት ይቀራል» የሚሉም አሉ። ይቀራል እንጂ። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በዋዜማው ሌሊት ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት ረሽኗል። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ጊዜው የ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከሁሉ ቀድመን በዓለም መዝገብ ሰፈርን፤ ቤታችን ውስጥ ግን ቀይ ሽብር ነበር። ማን መጥቶ ይይ? ከዚያ በፊት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» ብለው አገሪቱን ለዓለም አስተዋውቀው፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ የጉዞ መስመር አያይዘው፣ ሥራው እግር አውጥቶ ነበር። ያን ሁሉ አብዮትና ጦርነት ሲበላው ድንጋዩና ታሪኩ የትም አልሄዱም። ቅርስ ሳይኖር ጎብኚ አይመጣም፤ ቅርስ ስላለ ብቻም አይመጣም።

ከክፉው ዓመት ይልቅ የምፈራላችሁ ግን ደጉን ዓመት ነው። በ2007 ዓ.ም. የአውሮፓ የቱሪዝምና የንግድ ምክር ቤት የተባለ ተቋም ኢትዮጵያን የዓለም ምርጥ የቱሪስት መዳረሻ ብሎ ሰየማት። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ እኔ እንኳን ለሽልማት ብዙ ቦታ የማልሰጠው ሰው ፈገግ ብያለሁ። በዚያ ሰሞን ላሊበላ ላይ የሚገነባው ሆቴል በዛ፤ ሹፌሩ ሁሉ በብድር ላንድክሩዘር ገዛ፤ አልጋ ለማስያዝ የሰው ፊት ማየት ግድ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ልክ ወቅቱ ሲከፈት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማስጠንቀቂያው ወጣ፣ ቡድኖች ተሰረዙ፤ የባንኩ ወለድ ግን አልተሰረዘም። አንድ የማውቀው ጎበዝ ሹፌር መኪናውን ከገዛበት በብዙ አጉድሎ ሸጦ ዕዳው ቀርቶበታል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ መንገዱን እንደ መዳፉ የሚያውቅ፣ እንግዳ የሚወደው ሰው ነው። የሒሳቡ መነሻ ግን ከሁሉ የተሻለው ዓመት ነበር። ስለዚህ ብድር ስትወስዱ የአምናውን ገቢ ለባንክ አሳዩ፤ ለራሳችሁ ግን ከምታስታውሷቸው ዓመታት የከፋውን አስቡ። በዚያ ዓመት ወርኃዊ ክፍያውን ትከፍላላችሁ? ካልሆነ መኪና ተከራይታችሁ ሥሩ። ክብር አይቀንስም።

አሁን ደግሞ አምርሬ የምናገረው ነገር አለ። ሥራ ሲጠፋ ሰው መዋሸት ይጀምራል። «ችግር የለም፣ ሰላም ነው፣ ወሬ ነው» የሚል መልስ ለሁሉም ጠያቂ ይላካል። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ አካባቢ 5 አውሮፓውያን ጎብኚዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል። ያ አደጋ የማንም አስጎብኚ ጥፋት ነው አልልም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ችግር የለም» የሚለውን ቃል በቀላሉ ከአፌ አላወጣም። እንግዳው ነፍሱን ነው አምኖ የሰጣችሁ። ሲጠይቃችሁ የምታውቁትን እንደምታውቁት፣ ያላጣራችሁትን እንዳላጣራችሁት ንገሩት፤ «ወደ ሰሜን አትምጡ፣ በደቡብ ግን እስከ አርባ ምንጭ ትናንት መኪናዬ ሄዶ ተመልሷል» በሉት። ጉዞውን ቢሰርዝም ስማችሁን ይይዛል። ክፉው ጊዜ ሲያልፍ ውጭ ያሉት ድርጅቶች መጀመሪያ የሚደውሉት እውነቱን ለነገራቸው ሰው ነው፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የዋሹት ሰዎች ደግሞ ለምን እንዳልተደወለላቸው ሳያውቁ ይቀራሉ።

ኮሮና ሲመጣ ሁላችሁም ነበራችሁ፤ አላረዝመውም። የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ድንበር ተሻግሮ የሚጓዘው ሰው ከቀድሞው ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። አየር መንገዳችን የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነባቸውና ቀጠለ። እኛ ግን የምንነቅለው ወንበር አልነበረንም።

ላሊበላን ብቻ ግን ቆም ብላችሁ እዩልኝ። እዚያ ጫማ ጠባቂ የሚባል ሥራ አለ። እንግዳው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ጫማ ጠባቂው አንሥቶ በሌላው በር በኩል ይዞ ይጠብቀዋል። ጥንዱን ከጥንዱ ሳያደባልቅ፣ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ልክ ሲወጡ እግራቸው ሥር ያኖርላቸዋል። ደመወዙ እንግዳው የሚሰጠው ጉርሻ ነው። ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጡ በቅሎ አከራዮችም እንዲሁ ናቸው። የጎብኚ መጥፋት ሲባል ሆቴልና አየር መንገድ ብቻ ይታያችኋል፤ መጀመሪያ የሚራበው ግን ጫማ ጠባቂው ነው። ከኮሮናው ሳያገግሙ ጦርነቱ መጣ፤ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች።

በዚያው ታኅሣሥ የሆነውን ልብ በሉ። የውጭ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን «ውጡ» ሲሉ ነበር፤ ከተማዋ ነፃ ከወጣች ሳምንታት ብቻ ሆኗታል። ገና ሲደርስ ግን ምእመኑ ነጠላውን አጣፍቶ ገባ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ በመንግሥት ጥሪ የመጡ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ተሳላሚ የማንንም ማስጠንቀቂያ አያነብም፤ የኢንሹራንስ ውል የለውም፤ የሚመጣው ስለተሳለ ነው። በደጉ ዘመን ግን አንዳንድ ሆቴሎቻችን ይህን ሰው እንዴት እንደሚያስተናግዱ ታውቃላችሁ። ምግቡ በዶላር የተተመነ፣ የጾም ምግብ ስትጠይቅ ፊት የሚጠቁርብህ፣ ሀበሻ ሲገባ የሚያዛጋ እንግዳ ተቀባይ። ያሳፍራል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወገንም ቢሆን ዘመድ ጠይቆ፣ ሰርግ በልቶ ብቻ እንዲመለስ ያደረግነው እኛ ነን፤ ልጆቹን ይዞ ጣና ላይ ወይም ባሌ ተራሮች ውስጥ አራት ቀን የሚያሳልፍበትን ጉዞ በኪሱ ልክ ያዘጋጀለት ሰው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ለእናንተ ሰፊ ሥራ አለ።

ስለ ምንዛሬም ጥቂት ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ «በዶላር ለምንከፈል ለእኛ ሠርግ ነው» ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ጎማውም፣ ነዳጁም፣ የመኪናው ዕቃም የሚመጣው በዶላር ነው። አንድ ዓመት ቀድማችሁ ዋጋ ሰጥታችሁ ከነበረ ደግሞ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ጎረቤት ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላልና የግብፅን ነገር ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሉክሶር በሚገኘው የሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ 58 የውጭ ጎብኚዎችና 4 ግብፃውያን ተገደሉ። ያኔ ሁሉም «አበቃላት» አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናገደች። በዓመቱ አብዮት መጣና ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ወረደች፤ በ2023 ደግሞ የ2010ን ቁጥር አለፈች። ባሕርና ፒራሚድ ስላላት ብቻ አይመስለኝም። በባዶው ዓመት ሙያውን ጥሎ ያልጠፋ ብዙ ሰው ስለነበራት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ዘንድ በየውድቀቱ ጎበዞቹ አስጎብኚዎች ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ፤ ጎብኚው ሲመለስ ላሊበላን የሚያስረዳው ትናንት ከሌላ ሥራ የመጣ ልጅ ይሆናል። አልፈርድባቸውም፤ ልጅ ያለው ሰው ልጁን ማብላት አለበት።

እናንተ ግን ገና ልጅ ያልወለዳችሁ፣ ባዶው ወቅት ሲመጣ የምታደርጉት ይህን ነው። ወጪ የሚሸፍን ሌላ ሥራ ያዙ፤ ማስተማርም ይሁን፣ መተርጎምም ይሁን፣ የሒሳብ ሥራም ይሁን። ከዚያ በተረፈው ጊዜ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ጀምሩ፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ስለሚችል በእንግሊዝኛ ብቻ የሚተማመን አስጎብኚ መጀመሪያ ይቀራል። የቀድሞ እንግዶቻችሁን በስማቸው ጻፉላቸው፤ ምንም አትሽጡላቸው፣ ስለ አገሩ ብቻ አጫውቷቸው። ሰላም በሆነው መስመር ሁሉ በራሳችሁ እግር ሂዱ፤ ደባርቅ ላይ ጎብኚን ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያጅቡት ስካውቶች ተራ ይዘው እየሠሩ ነው ወይ፣ ሳንቃበር ካምፕ ውሃው ይወርዳል ወይ፣ የትኛው ሆቴል ጄኔሬተሩን ሸጧል፣ የትኛው ድልድይ ተጠግኗል፣ መዝግቡት። አንድ ቀን ከማድሪድ ወይም ከሙኒክ «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚል አጭር መልእክት ይደርሳችኋል። ያው መልእክት ለአሥር ድርጅት ተልኳል። በዚያው ዕለት፣ ቀኑን ጠቅሶ ያየውን የሚጽፍ ሰው ቡድኑን ይወስዳል።