ድርጊቱ ሞልቶ ታሪኩ ለምን አልያዘም?

ጥያቄ፦ 12 ገጽ አጭር ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። ባለታሪኬ ሥራውን ያጣል፣ ከወንድሙ ጋር ይጣላል፣ ይታመማል፣ በመጨረሻም ከተማውን ጥሎ ይሄዳል። ያነበቡልኝ ሁሉ «ድርጊቱ ብዙ ነው፤ ግን አልያዘንም» አሉኝ። ምን ጎድሎት ነው?

መልስ፦ የጎደለው ሴራ፣ ማለትም ድርጊቶቹን በምክንያትና ውጤት የሚያያይዘው ክር ነው። ድርጊቶቹ በጊዜ ተከታተሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም። እንዲህ ይፈትኑት፦ እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ከላይ ወደ ታች ይደርድሩ። በየመካከላቸው «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» የሚገባ ከሆነ ተያይዘዋል። «ከዚያም» ብቻ ከሆነ የሚገባው፣ እዚያ ቦታ ላይ ክሩ ተበጥሷል። የእርስዎን ባለታሪክ ሕመም ብናወጣው መጨረሻው ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ይውጣ።

ክሩን የሚቀጥለው የገጸ ባሕርዩ ፍላጎት ነው። ሰውዬው ሥራ ማጣቱን ከወንድሙ መደበቅ ይፈልጋል እንበል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ለብሶ ይወጣል። ነገር ግን ወንድሙ ገንዘብ አበድረኝ ይለዋል። እምቢ ቢል ይነቃበታል፤ እሺ እንዳይል እጁ ባዶ ነው። ግጭት ማለት ይኸው ነው፤ ወዲህም ቢል ወዲያም ቢል የሚያጣው ነገር አለ። ስለዚህ ከሰው ተበድሮ ይሰጠዋል። ነገር ግን አበዳሪው ቤት ድረስ ይመጣል፤ በሩን የሚከፍተው ደግሞ ወንድሙ ነው። ጡዘቱ፣ ማለትም ግጭቱ የሚከርበት ጫፍ፣ እዚህ ላይ ነው፤ ከተማውን ጥሎ መሄዱም አሁን ምክንያት አገኘ።

ለ12 ገጽ አንድ ዋና ግጭትና ሁለት ወይም ሦስት ገጸ ባሕርያት ይበቃሉ። ግጭቱ በመጀመሪያዎቹ 2 ገጾች ብቅ ይበል። የልጅነት ታሪኩን መጀመሪያ ላይ አይዘርግፉት፤ አንባቢ ስለማያውቀው ሰው ትናንት አይገደውም። ምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ፣ የሚጥመው ስለ ዛሬው መጨነቅ ከጀመረ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አርታኢ «አንጻሩ ተዛብቷል» ብሎ ጽሑፌን መለሰልኝ። ያሰመረበት ይህን ነው፦ «ደብዳቤውን ስታይ ምን ብላ እንደምታስረዳው ጨነቃት። እሱም የደበቀችው ነገር እንዳለ ጠረጠረ።»

መልስ፦ አንጻር ማለት ታሪኩ በማን ዓይንና ልብ እንደሚታይ ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንባቢው እሷ ልብ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በሁለተኛው ሳይዘጋጅ ወደ እሱ ልብ ተወረወረ። ጥርጣሬውን ስለነገሩትም የእሷ ጭንቀት ረገበ፤ እሷ የማታውቀውን አንባቢው አውቆታልና። በእሷ ዓይን ብቻ ይዩት፦ «ማንኪያውን አስቀመጠና ደብዳቤው ላይ አፈጠጠ።» አሁን አንባቢውም እንደ እሷ ይሰጋል።

ረቂቁን ሲያርሙ «አሰበ»፣ «ፈራ»፣ «ትዝ አለው» የመሳሰሉትን ሁሉ ያስምሩባቸው። በአንድ ትዕይንት የሁለት ሰው ልብ ከተገኘ፣ ብዙ የሚያጣውን መርጠው ከእሱ ጋር ይቆዩ። ሁሉን አወቅ ተራኪ ከልብ ወደ ልብ መዝለል ይችላል፤ መብቱ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሊታይ ይገባል።

ጥያቄ፦ መቼት ምን ያህል ይገለጽ?

መልስ፦ ቃሉ ራሱ «መቼ» እና «የት» ነው፤ ሁለቱን ለመመለስ ለአንድ ትዕይንት ሁለት ሦስት መስመር አያንስም። መምረጫው የባለታሪኩ ዓይን ነው። ያ ሥራ ማጣቱን የደበቀው ሰው ክፍል ውስጥ ሲገባ የመጋረጃውን ቀለም አያይም፤ በሩ መቀርቀሪያ እንዳለው ያያል።