መብራታችን ከናፍጣ ነው ወይ? የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ጥያቄና መልስ

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ጎረቤቶቼ ስለ መብራት የሚከነክናቸውን ሁሉ እንዲጠይቁኝ ብዬ ነበር። የጠየቁኝ ብዙው ስለ ነዳጅ ሆነ። የመለስኩላቸው ይኸው።

ኢንጂነር፣ ከምንጠቀመው መብራት ስንት እጁ ከነዳጅ ይመነጫል?
ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ነው፤ ቀሪው በዋናነት ከነፋስ። ግብፅ አብዛኛውን የምታመነጨው ከጋዝ ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ 80 በመቶ ያህሉን ከድንጋይ ከሰል።

እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቃሊቲ የናፍጣ ማመንጫ ነበር እኮ። የት ገባ?
ልክ ነዎት ጋሼ። ቃሊቲ፣ ድሬዳዋና አዋሽ 7 ኪሎ ላይ የናፍጣ ጣቢያዎች ተተክለው ነበር። ሦስቱ ተደምረው 100 ሜጋ ዋት አይሞሉም። በ2001 ዓ.ም የግድቦቹ ውሃ ሲጎድል ግን እነሱም ተፈለጉ፤ የኪራይ ጄኔሬተርም ተጨመረ። ያኔ መብራት በፈረቃ፣ አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም ነበር። ናፍጣ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። አንድ ሊትር ተቃጥሎ የሚሰጠው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት ምጣድ አንድ ሰዓት ሳትሞላ ትጨርሰዋለች። ያንን ሊትር በዶላር ገዝተን፣ ከጅቡቲ በቦቴ ጭነን ነው የምናመጣው።

ነገሩን የቀየረው 2002 ዓ.ም ነው። በዚያ አንድ ዓመት ተከዜ 300፣ ጊቤ ሁለት 420፣ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዘው ተመረቁ። ጊቤ ሁለት እንኳ ብዙ ሳይቆይ ውሃው የሚያልፍበት ዋሻ ተደርምሶበት ለወራት ቆሟል። ቢሆንም ናፍጣውን ከገበያ ለማስወጣት በቂ ነበር። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ በ2009 መጣ። ሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በናፍጣ ማመንጨት ለምን?

ድርቅ ከመጣስ? ወደ ናፍጣ እንመለሳለን?
በ2011 መጣ እኮ። የጊቤ ሦስት ውሃ ወረደ። ያኔ ወደ ሱዳንና ጅቡቲ የሚሸጠው ተቋረጠ፣ እኛም ፈረቃ ገባን። አሁን አንዱ ትልቅ ግድብ ኦሞ ላይ፣ ሌላው አባይ ላይ ነው፤ አንዱ ወንዝ ቢጎድል ሌላው ሊያግዝ ይችላል። እንደኔ ግን ነፋሱና ከመሬት በታች ያለው እንፋሎት ቶሎ ቢጨመር ይሻላል። ሰማይን ብቻ ማመን ጥሩ አይደለም።

ይሄ ሁሉ ሜጋ ዋት እያለ በዓል በመጣ ቁጥር መብራት የሚጠፋብን ለምንድነው?
እትዬ፣ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። ችግሩ ግድቡ ላይ አይደለም፣ እዚህ ምሰሶው ላይ ነው። አንድ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። 315 ኪሎ ቮልት አምፒር (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው፤ ለምጣድ ከኪሎ ዋት ጋር እኩል ቁጠሩት) ትራንስፎርመር ቢበዛ 78 ያህል ምጣድ በአንድ ጊዜ ይችላል፣ ያውም ሌላ ነገር ካልተሰካ። አሁን የብሎካችንን ቤት ቁጠሩ። በዋዜማው ከሰዓት ሁሉም አንድ ላይ ሲጥድ መብራቱ መጀመሪያ ይደክማል፣ አምፖሉ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ድርግም። ሕዳሴው አሥር ተርባይን ቢጨመርበት እንኳ ይሄንን አይፈታውም። የሚፈታው ትልቅ ትራንስፎርመርና ወፍራም መስመር ነው። እስከዚያው ግማሻችን ጠዋት ብንጋግር ምን ይለናል?

ፀጉር ቤቴ በር ላይ የማስነሳው ጄኔሬተር በሀገሪቱ አኃዝ ውስጥ ይቆጠራል?
አይቆጠርም። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። አኃዙ በዋናነት የሚይዘው ወደ ትልቁ መስመር የሚገባውን ነው። የአንተ፣ የዳቦ ቤቱ፣ የባንኩና የየፎቁ ጄኔሬተር ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዜሮ ማለት ይቻላል» ሲባል መንገድ ዳር የሚሸተንን ጭስ አያካትትም። ቃሊቲ ላይ ያጠፋነውን ናፍጣ በትንንሹ በየበሩ አብርተነዋል። ለዚህም ነው ትራንስፎርመር መቀየር ጭስ መቀነስ ነው የምለው።

የድንጋይ ከሰል የጫኑ መኪኖች ያልፋሉ። ለመብራት ነው?
አይደለም፣ በብዛት ለሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ነው።

የቆሼው የቆሻሻ ማመንጫስ?
ረጲ ያለው ጣቢያ በ2010 ተመርቋል፤ የሚያቃጥለው ቆሻሻ ነው። ውስጡ ፕላስቲክ ስላለ፣ ፕላስቲክም ከነዳጅ ስለሚሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው አልልም። ግን ክምሩ ሲናድ ሰው የሞተበት ቦታ ነው። ቆሻሻው ተከምሮ ከሚቀር ተቃጥሎ መብራት ቢሰጥ እመርጣለሁ።

የሶማሌ ክልሉ ጋዝ ከወጣ በኋላ በጋዝ ማመንጨት እንጀምራለን?
ካሉብ ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ መስከረም 2018 ተመርቋል። ጋዙ ለማመንጫ ከዋለ ያቺ ከመቶ አንድ የማትሞላ ቁጥር ከፍ ትላለች። ጋዝ ከናፍጣ ያነሰ ይበክላል፣ ከውጭም አይገዛም። ለድርቅ ዓመት መጠባበቂያ ቢሆን አልቃወምም። ዓመቱን ሙሉ ይንደድ ከተባለ ግን ከጎዴ ነፋስና ፀሐይ ጋር ዋጋው ይወዳደር፤ እዚያ አካባቢ ሁለቱም ሞልተዋል።